ፖክራ በመጸው ወራት

ፖክራ ከኔፓል ዋና ከተማ ከካትማንዱ በስተምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአናፑርና ተራሮች ግርጌ የተቆረቆረች፣ የጋንዳኪ ክፍለ ሀገር መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር ከግማሽ ሚሊዮን አልፏል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ከእነርሱም ጋር የተጠቀሱት ወራትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከእርሷ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ መሬቱ ከ7,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሙዝና ብርቱካን በሚያበቅል ሞቃት ሸለቆ ውስጥ ቆሞ ዘላለማዊ በረዶን በዚህን ያህል ቅርበት ለማየት የሚቻልባቸው ከተሞች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ተራሮቹ ግን ዓመቱን ሙሉ አይታዩም፤ ጎብኚዎች መጸውን የሚመርጡትም ከሁሉ በፊት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሰኔ ጀምሮ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው እርጥብ የሞንሱን ነፋስ፣ በፖክራ ደቡብ በኩል የሚያግደው ከፍ ያለ የተራራ ሰንሰለት ስለማያገኝ፣ ቀጥ ብሎ ከአናፑርና ግድግዳ ጋር ይጋጫል። በዚህም ከተማዋ በዓመት ወደ 3,900 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው ከሦስት እጥፍ የማያንስ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ ባለችው በሉምሌ መንደር መጠኑ ከ5,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ስፍራዋም በኔፓል እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት ትመደባለች። ሞንሱኑ በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት መግቢያ ላይ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አየሩ ከአቧራ ታጥቦ ይጠራል፣ ሐይቁ ሞልቶ ይተኛል፣ የሩዝ ማሳዎቹ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይዞራሉ። ኔፓላውያን በራሳቸው የቢክራም ሳምባት ዘመን አቆጣጠር አሶጅ፣ ካርቲክና ማንግሲር የሚሏቸው እነዚህ ወራት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ይሸፍናሉ። ቀኑ ያለ ካፖርት ለመዘዋወር የሚመች ሙቀት አለው፤ ማታና ንጋት ላይ ግን፣ በተለይ በኅዳር፣ ሹራብ ያስፈልጋል።

ዝናቡና ተራራው ከተማዋን የሚያስውቡ ብቻ ሳይሆኑ የሠሯት ኃይሎች ናቸው፤ በእኔ ግምት ፖክራን የሚጎበኝ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ የሚያየው ሁሉ ትርጉም ያገኛል። በመካከለኛው ዘመን፣ ከታላላቅ የመሬት መንቀጥቀጦች ጋር ተያይዘው፣ ከአናፑርና ጉያ የወረዱ ግዙፍ የድንጋይና የጭቃ ጎርፎች ሸለቆውን በአሥር ሜትሮች በሚቆጠር ደለል ሞሉት፤ ከጎን የሚመጡት ወንዞች መውጫቸው ተደፍኖ ፌዋና ቤግናስን የመሳሰሉ ሐይቆች ተፈጠሩ። ከተማዋ ዛሬ የተዘረጋችው በዚሁ ደለል ላይ ነው። የሴቲ ወንዝ ይህን ልል መሬት እየሰነጠቀ በከተማዋ መካከል ያልፋል፤ በአንዳንድ ቦታ ገደሉ እጅግ ከመጥበቡ የተነሣ ድልድይ ላይ የቆመ ሰው ውሃውን ከማየቱ በፊት ድምፁን ይሰማል። በኖራ የተጣበቀው ድንጋይ በቀላሉ በውሃ ስለሚሟሟ ማሄንድራና ጉፕቴሽዎርን የመሰሉ ዋሻዎችም ተፈልፍለዋል። ይህ ታሪክ ገና አላበቃም፤ በግንቦት 2012 በሴቲ ሸለቆ የወረደ ድንገተኛ ጎርፍ ከከተማዋ በላይ ባሉ መንደሮች በርካታ ሰዎችን ገድሏል።

ፌዋ ከራራ ቀጥሎ የኔፓል ሁለተኛው ትልቅ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ አራት ካሬ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በመካከሉ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ባራሂ ለምትባለው አምላክ የተሠራ ባለ ሁለት ጣሪያ ቤተ መቅደስ አለ፤ ምእመናን በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ መባቸውን ይዘው በጀልባ ይሻገራሉ። ዱንጋ የሚባሉት ቀለም የተቀቡ የእንጨት ጀልባዎች ከባይዳም ዳርቻ ይነሣሉ፤ ይህ የሆቴልና የምግብ ቤት ሰፈር በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ሌክሳይድ በሚለው ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ነፋስ ሳይነሣ፣ በማለዳ፣ ማቻፑችሬ ተገልብጦ በውሃው ላይ ይታያል። ቁመቱ 6,993 ሜትር የሆነው ይህ ጫፉ እንደ ዓሣ ጅራት የተሰነጠቀ ተራራ ለአካባቢው ሕዝብ ቅዱስ ነው። በ1957 አንድ የብሪታንያ ቡድን ከጫፉ 150 ሜትር ያህል ሲቀረው የተመለሰ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ተራራውን መውጣት ተከልክሏል። ከጀርባው ያለው አናፑርና አንደኛ፣ 8,091 ሜትር፣ ከ8,000 ሜትር በላይ ካሉት ተራሮች በሰው ልጅ እግር የተረገጠ የመጀመሪያው ነው፤ ፈረንሳውያኑ ተራራ ወጪዎች ሞሪስ ኤርዞግና ልዊ ላሽናል ሰኔ 3 ቀን 1950 ደረሱበት።

ተራሮቹን ለማየት የተለመደው ቦታ ከከተማዋ በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ያለው የሳራንግኮት ኮረብታ ነው። ጎብኚዎች ገና ሳይነጋ ወጥተው ብርሃኑ ከዳውላጊሪ እስከ ማናስሉ ያሉትን ጫፎች አንድ በአንድ ሲነካ ይመለከታሉ፤ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላም በፓራሹት የሚንሳፈፉ ሰዎች ከዚሁ ኮረብታ ተነሥተው ሐይቁ ዳር ያርፋሉ። በመጸውም ቢሆን እኩለ ቀን ሲቃረብ ደመና በተራሮቹ ወገብ ላይ መሰብሰቡ የተለመደ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቀን ብቻ መጥቶ መሄድ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጉዞው ለማለዳዎች ቦታ መስጠት አለበት። ከሐይቁ በስተደቡብ ባለው ጋራ ላይ ያለው ነጩ የሰላም ስቱፓ (የቡድሃ እምነት ሐውልት) ሐይቁን፣ ከተማዋንና ተራሮቹን በአንድ ጊዜ የሚያሳይ በመሆኑ ከሳራንግኮት አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። በ2004 የተከፈተው ዓለም አቀፍ የተራራ ሙዚየም ደግሞ ስለ ተራራ ወጪዎችና ስለ ተራራ ሕዝቦች ኑሮ ያስረዳል።

ሌክሳይድ ከቱሪስት ጋር ያደገ ሰፈር ነው። ጥንታዊው ፖክራ ግን ከሐይቁ ራቅ ብሎ፣ ከቢንድያባሲኒ ቤተ መቅደስ በታች ባለው አሮጌ ገበያ ይገኛል፤ እዚያ ኔዋር የሚባሉት የካትማንዱ ሸለቆ ሕዝብ ነጋዴዎች የሠሯቸው የጡብ ቤቶች እስከ ዛሬ አሉ። የበቅሎ ቅፍለቶች ከሙስታንግ በኩል የቲቤትን ጨው ይዘው ይወርዱ የነበረው ወደዚሁ ገበያ ነው። ከ1959 በኋላ ከቲቤት የተሰደዱ ሰዎች በታሺ ፓልኬልና በታሺ ሊንግ ሰፍረው ምንጣፍ እየሠሩ ይኖራሉ። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከተማዋ የሚደረስባት በእግር፣ በበቅሎ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነበር፤ ከካትማንዱ የሚያመጣው የፕሪትቪ አውራ ጎዳና ተሠርቶ ያለቀው በ1970ዎቹ ነው።

መጸው የኔፓል የታላላቅ በዓላት ወቅትም ነው። ትልቁ የሂንዱ በዓል ዳሻይን አሥራ አምስት ቀን ይዘልቃል፤ በአሥረኛው ቀን ሽማግሌዎች በሩዝ፣ በእርጎና በቀይ ቀለም የተለወሰውን ቲካ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ግንባር ላይ እየለጠፉ ይመርቃሉ፣ በጨለማ የበቀለውን የገብስ ቡቃያም ይሰጧቸዋል። ፍየል ይታረዳል፣ በየመንደሩም ከቀርከሃ ረጃጅም ዥዋዥዌ ይተከላል። በዐረብ አገሮች ከኔፓላውያን ጋር የሠራ ኢትዮጵያዊ እነዚህ ሰዎች ለዳሻይን አገራቸው ለመግባት ምን ያህል እንደሚጓጉ ያውቃል። ከሳምንታት በኋላ የሚመጣው ቲሃር አምስት ቀን ነው፤ ቁራ፣ ውሻና ላም በየተራቸው ይከበራሉ፣ ውሾች አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን ይደረግላቸዋል፣ የሀብት አምላክ በሆነችው በላክሽሚ ሌሊት ቤቱ ሁሉ በኩራዝና በመብራት ይደምቃል፣ በመጨረሻው ቀን እህቶች ለወንድሞቻቸው ቲካ ያደርጋሉ። በዓላቱን ለማየት የመጣ እንግዳ ግን በዳሻይን ዋና ቀኖች ሱቆችና መሥሪያ ቤቶች እንደሚዘጉ፣ አውቶቡሶችም ከቀናት በፊት እንደሚሞሉ ማወቅ ይኖርበታል።

ሐይቁ ራሱ ታሟል፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ውበቱ ብቻ መጻፍ ተገቢ አይመስለኝም። የሃርፓን ወንዝ በየክረምቱ ከታረሱትና መንገድ ከወጣባቸው ቁልቁለቶች የሚያወርደው አፈር የምዕራቡን ጫፍ እየደፈነ ነው፤ ጣናን ያስቸገረው እንቦጭ እዚህም በውሃው ላይ ተስፋፍቷል፤ የሆቴሎችም ፍሳሽ ይጨመርበታል። የፖክራ ሸለቆ ዘጠኝ ሐይቆች በ2016 በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያላቸው ረግረጋማ ስፍራዎች ሆነው ተመዝግበዋል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2018 ከፌዋ ዳርቻ 65 ሜትር ድረስ ግንባታ እንዳይኖር ወስኗል። ውሳኔው ሆቴሎችንና የመሬት ባለቤቶችን ስለሚነካ አፈጻጸሙ ከባድ ሙግት አስነሥቷል።

ብዙ መንገደኞች ከፖክራ ተነሥተው ወደ ተራራው በእግር ይጓዛሉ፤ 3,210 ሜትር ላይ ያለው ፑን ሂልና 4,130 ሜትር ላይ ያለው የአናፑርና ቤዝ ካምፕ ዋናዎቹ መዳረሻዎች ናቸው። የአየሩ ጥራት ሊያዘናጋ አይገባም። በጥቅምት 2014 ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ አውሎ ነፋስ ያስከተለው የበረዶ ውርጅብኝ በአናፑርና ዙሪያ ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በመስከረም 2024 ማብቂያ የጣለው ዘግይቶ የመጣ ከባድ ዝናብም በምሥራቅና በመካከለኛው ኔፓል ከ200 በላይ ሰዎችን ሲያጠፋ መንገዶችን ቆራርጧል። ስለዚህ የመስከረምን መጨረሻ ከመድፈር ይልቅ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ መምረጥ ይሻላል።

ከካትማንዱ በአውሮፕላን የሚደረገው ጉዞ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በመኪና ግን ጎዳናው ጠመዝማዛ ስለሆነና ጥገናም ስለሚበዛበት ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው፣ ኔፓል ሲደርሱ ቪዛ ከሚሰጣቸው አገሮች ዜጎች ውስጥ ስላልተካተተ፣ ቪዛውን ከኔፓል ኤምባሲ አስቀድሞ ማግኘት አለበት።