ኦቲዝም ካለበት ልጅ ጋር አገር ቤት መግባት

ከዋሽንግተን ደለስ ተነስቶ ቦሌ ለመድረስ ከ12 ሰዓት በላይ አየር ላይ ነው። ማንንም ያደክማል። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ከርዝመቱ ይልቅ የሚረብሸው ድንገተኛው ነገር ነው። እጅህን ዘርጋ የሚል የማያውቀው ሰው፣ አሻንጉሊቱን ከነቦርሳው የሚውጥ ማሽን፣ ከጣሪያ ላይ የሚጮህ ማይክራፎን፣ "አሁን እንገባለን" ከተባለ በኋላ አንድ ሰዓት የሚዘገይ በረራ። ልጁ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ የሚያየው እናትየውን ነው። ኦቲዝም ፊት ላይ አይነበብማ።

የሱፍ አበባው ማንገቻ የመጣው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን አጠገብ ያለው የጋትዊክ አየር ማረፊያ ጀመረው። አረንጓዴ የባጅ ማንገቻ ነው፣ ቢጫ የሱፍ አበባ ያለበት። ልጁ አንገቱ ላይ ካደረገው ሠራተኛው ከዓይን የተሰወረ ጉዳት እንዳለና ትንሽ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ይገባዋል። ዛሬ ዱባይን ጨምሮ ከ200 በላይ አየር ማረፊያዎች ያውቁታል። ግን ማንገቻው በራሱ ወረፋ የመቅደም መብት አይሰጥም። አንዱ ቦታ ቀድማችሁ እለፉ ትባላላችሁ፣ ሌላው ቦታ ፈገግ ብለውላችሁ ሰልፉ እንዳለ ይቀጥላል።

ስለዚህ ቀድሞ መደወል ነው። አሜሪካ ውስጥ ፍተሻውን የሚመራው ቲኤስኤ፣ "ቲኤስኤ ኬርስ" የሚባል የእርዳታ መስመር አለው፤ ከበረራው 72 ሰዓት በፊት ደውሉ ይላል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ደግሞ እርዳታ የሚፈልግ መንገደኛ 48 ሰዓት ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። አየር መንገዱን ስታናግሩ "ዲፒኤንኤ" የሚለው ኮድ ትኬቱ ላይ ይግባልን በሉ። የአእምሮ ወይም የዕድገት ጉዳት ኖሮበት እርዳታ ለሚፈልግ መንገደኛ የሚገባ ኮድ ነው። ስሙ ጆሮ ይጎረብጣል፣ ግን ሠራተኞቹ የሚግባቡት በእሱ ነው።

አንዳንድ አየር ማረፊያዎች ልምምድ ያዘጋጃሉ። በቦስተን ሎጋን የተጀመረው "ዊንግስ ፎር ኦቲዝም" ቤተሰቡን ከነሻንጣው አስመዝግቦ፣ አስፈትሾ፣ አውሮፕላን ውስጥ ያስቀምጣል። አውሮፕላኑ አይበርም፣ በቃ ተቀምጠው ይወርዳሉ። የአየርላንዱ ሻነን እ.ኤ.አ. በ2017 ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ጸጥ ያለ ክፍል ከፈተ። የአሜሪካዋ ፒትስበርግ አየር ማረፊያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ ሲሆን፣ መነሻው ልጁ ኦቲዝም ያለበት የአየር ማረፊያው ሠራተኛ ለአለቃው የጻፈው ደብዳቤ ነው። ውስጡ ልጁ የሚለማመድበት የአውሮፕላን መቀመጫ ሁሉ አለው።

መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካላችሁ ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ያዙ። በተለይ በዱባይ ወይም በአቡዳቢ አልፋችሁ ከተማው ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ አገሪቱ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ ቁጥጥር ለሚደረግባቸው መድኃኒቶች ቅድመ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ለትኩረት ችግር የሚታዘዙ አንዳንዶቹም እዚያ ውስጥ ናቸው። ልጁ የሚበላው አንድ ዓይነት ብስኩት ብቻ ከሆነም እሱኑ ለጉዞው ሙሉ ቋጥሩ።

እስካሁን የተወራው ቀላሉ ነው። ከባዱ ቦሌ ከደረሳችሁ በኋላ የሚመጣው ነው። ሃያ ዘመድ አበባ ይዞ ይጠብቃል። ሁሉም ይስማል፣ ጉንጭ ይቆነጥጣል፣ "የኔ ጌታ፣ አታውቀኝም?" ይላል። ቤት ሲደርሱ እጣን ይጨሳል፣ ቡና ይቆላል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ እንጀራ ነክቶ የማያውቅ ልጅ አፉ ድረስ ጉርሻ ይመጣለታል። ሌሊት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አለ። ልጁ ሲጮኽ አንዱ "ፈረንጅ አገር አሞላቀቃችሁት" ይላል፣ ሌላው ጸበል ውሰዱት ይላል። ማንም በክፋት አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ያለበት እናት፣ ከአሜሪካ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ነገሩን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ነህምያን የመሳሰሉ ሌሎች ማዕከላትም አሉ፣ ቃሉም በሬዲዮ ይሰማል። አጎት ቤት ሳሎን ግን ገና ላይደርስ ይችላል።

ስለዚህ ትኬት የቆረጣችሁ ቀን ለዘመድም ደውሉ። የቤቱን፣ የሚተኛበትን አልጋና የአያቱን ፎቶ አስልካችሁ ለልጁ ደጋግማችሁ አሳዩት። የመጀመሪያው ቀን ድግስ አይኑር። ቦሌ አንድ ሰው ብቻ ይምጣ፣ እሱም መኪና የሚነዳው። አያቱ በር ላይ ይጠብቁት፤ መሳሙ እሱ ራሱ እስኪጠጋቸው ይቆይ።