መቶ ካሬ ተብሎ ሰማንያ፦ ግሮስና ኔት

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ ስትገዙ ወረቀቱ ላይ «100 ካሬ» ይላል። ቤቱ አልቆ ሜትር ይዛችሁ ስትገቡ ግን ሰማንያ ምናምን ይሆንባችኋል። ተበላን? ላይሆን ይችላል።

የተጻፈው ብዙ ጊዜ ግሮስ ካሬ ነው። ግድግዳው፣ እንዲሁም ከደረጃው፣ ከሊፍቱና ከኮሪደሩ የሚደርሳችሁ ድርሻ አብሮ ተደምሯል። ኔት የሚባለው በራችሁን ዘግታችሁ የምትኖሩበት ወለል ነው።

ግድግዳ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በውጪ ሲለካ 5 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል 20 ካሬ ነው። ዙሪያውን በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከተሠራ ውስጡ 4.60 በ3.60 ይቀራል፤ 16.56 ካሬ ማለት ነው። ልስኑ ገና አልተቆጠረም!

የቀረው የአርክቴክቱ ሥራ ነው። አራት ቤት አንድ ደረጃና ሊፍት ከቦ ከተቀመጠ የጋራው ድርሻ ያንሳል። ኮሪደሩ ከረዘመ ደግሞ ሶፋ ለማትዘረጉበት ካሬ ትከፍላላችሁ። በረንዳውንማ አንዱ ሻጭ ይደምረዋል፣ ሌላው ይተወዋል።

ደላላውን «ስንት ካሬ ነው?» ብቻ አትበሉት። «ኔቱ ስንት ነው? በረንዳው አለበት?» በሉት፤ መልሱም ውሉ ላይ ይስፈር።