ጨለማ ቁስና የኒውትሪኖ ክብደት

የቅንጣት ፊዚክስ ዋና ንድፈ ሐሳብ የሆነው ስታንዳርድ ሞዴል ብዙ ፈተና አልፏል። ሁለት ጥያቄ ሲነሳ ግን መልስ ያጥረዋል።

አንደኛው ኒውትሪኖ ነው፤ ከሌላ ቁስ ጋር እምብዛም የማይነካካ ጥቃቅን ቅንጣት። በሞዴሉ መሠረት ይህ ቅንጣት መጠነ ቁስ የለውም፤ በተራ ቋንቋ ክብደት እንበለው። በ1998 ግን ጃፓን ውስጥ ከተራራ ሥር 50 ሺህ ቶን ንጹህ ውሃ ይዞ የተቀመጠው ሱፐር ካሚዮካንዴ፣ ኒውትሪኖዎች እየተጓዙ ዓይነታቸውን እንደሚቀይሩ አሳየ። ሁሉም ክብደት አልባ ቢሆኑ ይህ አይታይም ነበር። ክብደታቸው ግን ኢምንት ነው። የቅንጣቶች ክብደት በሚለካበት በኤሌክትሮን ቮልት፣ የኤሌክትሮን ክብደት 511 ሺህ ሲሆን፣ ጀርመን ያለው የካትሪን ሙከራ ለኒውትሪኖ ያስቀመጠው ጣሪያ 0.45 ነው።

ሁለተኛው ጨለማ ቁስ ነው፤ ብርሃን የማያወጣ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ። ከዩኒቨርስ ይዘት 27 በመቶ ገደማውን ይይዛል፤ የምናውቀው ቁስ 5 በመቶ ብቻ ነው። ታዲያ ኒውትሪኖው ራሱ ጨለማ ቁስ ቢሆንስ? አይሆንም። በጣም ቀላልና ፈጣን ስለሆነ፣ በጥንቱ ዩኒቨርስ ጋላክሲ ሊሆን የሚሰበሰበውን ቁስ ይበታትነው ነበር።

ሁለቱን ከሚያገናኙት ሐሳቦች እኔን የሚማርከኝ የፊዚክስ ሊቁ ኧርነስት ማ በ2006 ያቀረበው ስኮቶጄኒክ ሞዴል ነው፤ ስሙ ጨለማ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ከባድ ኒውትሪኖዎችንና ለቅንጣቶች ክብደት ከመስጠት ጋር የተያያዘው የሂግስ ዘመድ የሆኑ ቅንጣቶችን ይጨምርና አንድ ደንብ ያወጣል። የድሮዎቹ ቅንጣቶች የመደመር ምልክት፣ አዲሶቹ የመቀነስ ምልክት አላቸው፤ በየትኛውም ግጭት ወይም መፈራረስ የምልክቶቹ ብዜት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለወጥም። እንግዲህ ከአዲሶቹ ቀላሉ ቅንጣት ወደ ድሮዎቹ ብቻ ልፈራርስ ቢል ምልክቱ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ለዘላለም ይቆያል። ጨለማ ቁስ ማለት እሱ ነው።

ያው ደንብ ኒውትሪኖው ከሂግስ በቀጥታ ክብደት እንዳያገኝ በሩን ይዘጋበታል። የቀረው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው፦ ለቅጽበት ወደ ሁለት የጨለማ ቅንጣቶች ተለውጦ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ዙር ሲሰላ ውጤቱን ለ158 ገደማ የሚያካፍል ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ የኒውትሪኖው ክብደት እንዲያንስ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለኔ የሐሳቡ ውበት እዚህ ጋ ነው። ጨለማ ቁስን በሕይወት ያቆየው ክልከላ ኒውትሪኖውንም ያቀለዋል።

ሞዴሉ የሚፈተንበት መንገድም አለው። የዚያ ዙር ዘመድ የሆነ ሌላ ዙር ሚዩዖንን፣ ማለትም የኤሌክትሮንን ከባድ ወንድም፣ ወደ ኤሌክትሮንና ወደ ብርሃን ቅንጣት ሊቀይረው ይችላል። ስዊዘርላንድ ውስጥ የሚካሄደው የሜግ ሙከራ ይህንኑ ሲፈልግ ቆይቷል፤ እስካሁን አላገኘም፤ በዚህም የተነሳ ብዙ የሞዴሉ አማራጮች ተዘግተዋል።