እንግሊዞች መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ለምን ሄዱ፣ ከጄምስታውን እስከ ፕሊመዝ

አሜሪካ እንዴት ተጀመረች ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሜይፍላወር የምትባለው መርከብና በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሰደዱት ሰዎች ናቸው፣ በተለይ ታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) ሲደርስ ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘው የሚመጡት ይሄንን ታሪክ ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን እነሱ ሲደርሱ ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስታውን ላይ እንግሊዞች ከሰፈሩ 13 አመት አልፏቸው ነበር፣ እነዛኞቹ ደሞ ባህር የተሻገሩት ለጸሎት ሳይሆን ለገንዘብና ለመሬት ነው። (አመቶቹ ሁሉም በፈረንጅ ናቸው)

መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ምን ነበር የሚለውን እንይ። በ1500ዎቹና በ1600ዎቹ መጀመሪያ ህዝቡ በጣም በዛ፣ የእህል ዋጋ ናረ፣ የቀን ሰራተኛው ሂሳብ ግን ኑሮውን ሊደርስበት አልቻለም። ባለመሬቶቹ ደሞ ሱፍ ያዋጣል ብለው ገበሬው በጋራ ሲያርሰውና ሲያሰማራበት የነበረውን ቦታ እያጠሩ በግ ለቀቁበት፣ ጭሰኛው ተነቅሎ መንገድ ላይ ወጣ፣ ስራ ሳይኖረው ሲዞር ከተገኘ ደግሞ ህጉ ግረፉት ይላል። ሀብታም ቤት የተወለደውም ቢሆን ርስቱን የሚወርሰው በኩሩ ስለሆነ ታናናሾቹ ስም ብቻ ይዘው ይቀራሉ። በዛ ላይ ስፔኖች ከሜክሲኮና ከፔሩ ወርቅና ብር በመርከብ ሲያግዙ ይታያል፣ እና ማን አርፎ ይቀመጣል?

ከጄምስታውን በፊት ሮአኖክ የሚባል ደሴት ላይ ሞክረው ነበር፣ የዛሬዋ ኖርዝ ካሮላይና። በ1587 ሴትና ህጻናት ያሉበት ከ100 በላይ ሰው ሰፈረ፣ ገዢው ጆን ዋይት ስንቅ ላምጣ ብሎ ሄዶ በስፔን ጦርነት ምክንያት እስከ 1590 መመለስ አልቻለም፣ ሲመጣ አንድ ሰው የለም፣ እንጨት ላይ «ክሮአቶአን» የሚል ተቀርጾ አገኘ፣ በአካባቢው ያለ ደሴት ስም ነው። በቃ።

ከዛ በ1606 ንጉስ ጄምስ ቀዳማዊ ለቨርጂኒያ ካምፓኒ ፈቃድ ሰጠ። ይሄ እንግዲህ ሼር የሚሸጥ የንግድ ድርጅት ነው፣ መንግስት አይደለም፣ ሚሽነሪም አይደለም፣ ምንም እንኳን ወረቀቱ ላይ ወንጌል ማስፋፋት የሚል ቢኖርበትም። በ1607 ሶስት መርከቦች 104 ወንዶችና ልጆች አራግፈው ጄምስ ወንዝ ዳር ጄምስታውን የተባለው ምሽግ ተሰራ። ቦታው የተመረጠው ከስፔን መርከብ ለመከላከል ስለሚያመች ነው እንጂ ለኑሮ አይሆንም፣ ረግረግ ነው፣ ውሃው ጨዋማ፣ ድርቁም ደርሶ ነበር። ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ እጃቸው ማረሻ ነክቶ የማያውቅ የባላባት ልጆች ስለነበሩ ካፒቴን ጆን ስሚዝ ያንን ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውን «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለውን ህግ አደረገባቸው። በሳቸው ጊዜ ሰዉ የተረፈው በስራው ብቻ ሳይሆን በፖውሃታን በቆሎ ጭምር ነው፣ ፖውሃታን ማለት በአካባቢው ወደ 30 የሚሆኑ ነገዶችን የሚገዛው ትልቁ አለቃ ነው።

ስሚዝ ባሩድ አቃጥሏቸው በ1609 ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ ከፖውሃታን ጋርም ጠብ ሆነ፣ ከምሽጉ የሚወጣ ሰው ይገደላል፣ ክረምቱ ገባ። ፈረስ ተበላ፣ ውሻና አይጥ ተበላ፣ የጫማ ቆዳ ተበላ፣ ከዛም የሞተ ሰው። (የ14 አመት ገደማ ልጅ አጥንት ላይ የቢላ ምልክት ተገኝቶ በ2013 ይፋ ሆኗል) ምሽጉ ውስጥ ከነበሩት መቶዎች ጸደይን ያዩት 60 ገደማ ናቸው።

ያዳናቸው ወርቅ አልነበረም፣ ወርቅማ የለም። ጆን ሮልፍ፣ ያ የፖውሃታንን ልጅ ፖካሆንታስን ያገባው፣ በ1612 አካባቢ ከስፔን ቅኝ ግዛት የመጣ የትምባሆ ዘር ዘራና ለንደን ላይ ገበያ አገኘ፣ ከዛ በኋላ መንገድ ዳር ሳይቀር ትምባሆ ሆነ። ትምባሆ ደሞ መሬት ይጨርሳል፣ ጉልበትም ይፈልጋል፣ ስለዚህ ካምፓኒው ከ1618 ጀምሮ የራሱን መጓጓዣ ለሚከፍል ወይም ሌላ ሰው ለሚያስመጣ በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር መስጠት ጀመረ፣ 20 ሄክታር ማለት ነው፣ ግማሽ ጋሻ ገደማ! እንግሊዝ አገር አንድ ክንድ መሬት ለሌለው ሰው ይሄን ስትነግረው ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ችግሩ ድሃው የመርከብ የለውም። ስለዚህ ከአራት እስከ ሰባት አመት ሊያገለግል ኮንትራት ይፈርማል፣ ጌታው ቲኬቱን ይከፍላል፣ 50 ኤከሩንም የሚወስደው ጌታው ነው። በዛ ክፍለ ዘመን ወደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከሄዱት እንግሊዞች አብዛኞቹ እንዲህ ነው የሄዱት፣ ብዙዎቹም ኮንትራታቸው ሳያልቅ በወባና በተቅማጥ አልቀዋል። በ1619 ደግሞ ምርጫ የሚባል ነገር የተጀመረበት ሸንጎ ተቀመጠ፣ በዛው አመት ነሐሴ ከአንጎላ ተማርከው የተጫኑ 20 እና ጥቂት አፍሪካውያን ፖይንት ኮምፈርት የሚባል የቨርጂኒያ ባህር ዳር ላይ በስንቅ ተለወጡ። እነዚህ «ለምን ሄዱ» የሚለው ጥያቄ አይመለከታቸውም፣ የሄዱ ሳይሆን የተወሰዱ ናቸው።

ወደ ፕሊመዝ ስንመጣ (የዛሬዋ ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው)፣ በ1620 ሜይፍላወር 102 መንገደኛ ይዛ ደረሰች። ከነሱ ውስጥ ከንጉሱ ቤተክርስቲያን ተለይተው መጀመሪያ ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ የኖሩት ግማሽ እንኳ አይሞሉም፣ ሌሎቹ ስራና መሬት ፈላጊ ናቸው። ላይደኖቹም ቢሆኑ ሆላንድ ላይ እምነታቸውን የነካ የለም፣ የመረራቸው ኑሮው መክበዱና ልጆቻቸው ሆላንዳዊ እየሆኑ መምጣታቸው ነው (ይሄን ውጭ አገር ልጅ ያሳደገ ሀበሻ ሳይነገረው ይገባዋል)። የሰፈሩበት ቦታ ፓቱክሰት የሚባል መንደር ነበር፣ ከጥቂት አመት በፊት ከአውሮፓ መርከቦች ጋር የመጣ በሽታ ነዋሪውን ጨርሶት የታረሰው ማሳ ባዶውን ቆየ። የመጀመሪያው ክረምት ግማሾቹን ገደለ፣ የቀሩትን በቆሎ እንዴት እንደሚተከል ያሳያቸው ቲስኳንተም ከዛው መንደር በባርነት ተወስዶ ስለነበር ከበሽታው የተረፈ ሰው ነው። ትልቁ የሃይማኖት ስደት የመጣው ከ1630 ጀምሮ ነው፣ በአስር አመት ውስጥ ወደ 20,000 ፒውሪታን (የንጉሱ ቤተክርስቲያን ይጥራ የሚሉ ፕሮቴስታንቶች) ማሳቹሴትስ ገባ፣ አብዛኛው ከነቤተሰቡ፣ እነሱ ግን ነጻነቱን የፈለጉት ለራሳቸው ነው፣ የተለየ ሃሳብ ያመጣውን ሮጀር ዊሊያምስን አባረውት ሮድ አይላንድን መሰረተ።

ቨርጂኒያ ላይ መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በደም ነው የተመለሰው። በ1622 ፖውሃታኖች ትምባሆው እየገፋ ሲመጣባቸው በአንድ ቀን 347 ሰፋሪ ገደሉ፣ እንግሊዞቹም ለአመታት መንደርና ማሳ እያቃጠሉ ተበቀሉ። ኮንትራቱን ጨርሶ የወጣው ድሃ ነጭ ደሞ ጥሩው መሬት ተይዞ ስለሚጠብቀው ወደ ጠረፍ ተገፋ፣ በ1676 በናትናኤል ቤከን መሪነት አምጾ ጄምስታውንን አቃጠላት። ከዛ በኋላ ባለእርሻዎቹ ውሉ ሲያልቅ መሬት የሚጠይቅ ሰራተኛ ከማስመጣት ይልቅ ፊታቸውን ወደ አፍሪካውያን ባሮች አዞሩ፣ በ1705 የወጣው የቨርጂኒያ ህግም ባሮቹን እንደ ርስት የሚወረሱ ንብረት አደረጋቸው።