«ያልሠራ ሰው አያምንም» እና ሌሎች ንጹሕ ሰው የሚያሳስሩ እምነቶች

ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከአንኮበር፣ ከኤፍራታ ተነሥተው ደብረ ብርሃን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግቢ ቀጠሮ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ስለ ማስረጃ የሚናገሩት ነገር ተመሳሳይ ነው፤ አብዛኛውም ስሕተት ነው። የተፈበረከ ማስረጃ የሚያልፈው በወረቀት ነው፦ በቃል መቀበያ ቅጽ፣ በኤግዚቢት (በማስረጃነት በተያዘ ዕቃ) ዝርዝር፣ በምስክር ቃል። የሚፈርሰውም በዕለቱ በተጻፈ ሌላ ወረቀት ነው። ከዚህ በታች ያሉት እምነቶች ሰው በሰዓቱ ማስጻፍ ያለበትን ሳያስጽፍ እንዲያልፍ ያደርጉታል።

«ያልሠራ ሰው ሠርቻለሁ አይልም።»

ይላል። ኢዋኦ ሃካማዳ የሚባል ጃፓናዊ የቀድሞ ቦክሰኛ እ.ኤ.አ. በ1966 አራት የአንድ ቤተሰብ አባላትን ገድለሃል ተብሎ ተያዘ። ወደ 20 ቀን ገደማ፣ በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ከተመረመረ በኋላ «አዎ» አለ። በ1968 ሞት ተፈረደበት። ዋናው ማስረጃ ደም የነካው ልብስ ነበር፤ የተገኘውም ግድያው ካለፈ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ይሠራበት በነበረው ፋብሪካ የአኩሪ አተር ሊጥ ማጠራቀሚያ በርሜል ውስጥ ነው። ሱሪው ሲለካ አልገባውም። ደሙ ያን ያህል ጊዜ ሊጥ ውስጥ ከርሞ ቀይ መልኩን ሊይዝ አይችልም ነበር። ፍርድ ቤቱ ልብሱም የእምነት ቃሉም በመርማሪዎች የተፈበረኩ ናቸው ብሎ ነጻ ያወጣው በ2024 ነው፤ ያኔ ዕድሜው 88 ነበር።

እኛም ዘንድ ሕጉ ይህን ያውቃል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ተጠርጣሪው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ ሊነገረው ይገባል ይላል፤ አንቀጽ 31 ደግሞ ማስፈራራትንም ማባበልንም ይከለክላል። «እመን፣ ነገ ትፈታለህ» የሚለውም ማባበል ነው።

ችግሩ ያለው ቃሉ ሲጻፍ ነው። ጸሐፊው መርማሪው ነው። አንድ የመንዝ ገበሬ «በቂም በቀል ተነሣሥቼ፣ አስቀድሜ አስቤና ተዘጋጅቼ» ብሎ አይናገርም፤ ይህ የክስ ቋንቋ ነው። ቃል ላይ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሲገኝ ጠበቃ መጀመሪያ ሊይዘው የሚገባ ነገር ነው። ከመፈረም ወይም አሻራ ከማኖር በፊት ሙሉው እንዲነበብ መጠየቅ፣ ባዶ የቀሩ መስመሮችን ማሰረዝ፣ የገጹን ብዛት ማስጻፍ ያስፈልጋል። ባዶ ቅጽ ላይ በፍጹም አይፈረምም።

በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 35 መሠረት ዳኛ ፊት ቀርቦ የሚሰጥ ቃል ከሁሉም ይከብዳል። ዳኛው ሰውየው በፈቃዱ የሚናገር መሆኑን ጠይቆ ካላረጋገጠ ሊመዘግብ አይችልም። ግን ያመጣው ያው መርማሪ፣ የሚመለስበትም ያው ክፍል ከሆነ «በፈቃድህ ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ቢያስፈራም መናገሪያው ጊዜ ያኔ ነው፦ ቀኑን፣ ክፍሉን፣ የተመታውን የሰውነት ክፍል ጠቅሶ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር፣ ሐኪም እንዲያየውም ትእዛዝ እንዲሰጥ መጠየቅ። ሰንበር በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ከስድስት ወር በኋላ ተከሳሹ ሲከላከል «ተደብድቤ ነው» ቢባል የሚያረጋግጥ ነገር አይኖርም።

«ዕቃው ቤቱ ከተገኘ አለቀ።»

በአካባቢያችን ይህ ዕቃ ብዙ ጊዜ ጥይት ወይም ሽጉጥ ነው፤ ለማስቀመጥ ደግሞ እጅግ ቀላል ነው። ቺካጎ ውስጥ ሮናልድ ዋትስ የሚባል የፖሊስ ሳጅን ከነቡድኑ ጉቦ ያልከፈሉ ነዋሪዎች ላይ አደንዛዥ ዕፅ «ያገኝ» ነበር። እሱ በ2013 እ.ኤ.አ. ተፈረደበት፤ በኋላ ከ200 በላይ ፍርዶች ተሰርዘዋል። ከተከሰሱት ውስጥ ባልሠሩት ያመኑም ነበሩ፤ ከፖሊስ ቃል የእነሱ ቃል እንደማይበልጥ ያውቁ ነበርና።

ስለዚህ ዕቃው እንዴት ተገኘ የሚለው መጠየቅ አለበት። ሕጉ ከሚዘረዝራቸው ልዩ ሁኔታዎች በቀር ብርበራ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይፈልጋል፤ ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ይጠቅሳል፤ ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የተያዘው ዕቃ ተዘርዝሮ፣ በተቻለ መጠን ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርማል። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ታዛቢው ዕቃው ከተገኘ በኋላ ይጠራና «ይህ ተገኝቷል» ተብሎ ይፈርማል። ጎረቤት ታዛቢ ሆኖ ሲጠራ ከፍተሻው በፊት ይግባ፣ ከፈታሹ ኋላ እየተከተለ ይይ፤ ሲወጣ የተገኘበት ቦታ፣ የጥይቱ ብዛት፣ የመሣሪያው ቁጥር መጻፉን ያረጋግጥ። ያላየውን አይፈርም። የቤቱ ባለቤትም ካልተስማማ «የእኔ አይደለም» የሚለውን ከፊርማው ጎን ያጽፍ። በሌሊት ከተፈተሸ ሰዓቱን የሰሙ ጎረቤቶች ኋላ ምስክር ይሆናሉ።

«የሚፈበርከው ጉቦ የበላ ፖሊስ ብቻ ነው።»

ይህ እምነት ሰውን ያዘናጋል። ብዙ ፈጠራ የሚመጣው «እሱ መሆኑን እናውቃለን፣ የጎደለው ማስረጃ ነው» ከሚል ሰው ነው። በበርሚንግሃም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 በሁለት መጠጥ ቤቶች በፈነዳ ቦምብ 21 ሰው ሲሞት ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር፤ ስድስት ሰዎች ተያዙ፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ 16 ዓመት ታስረው በ1991 ተፈቱ። ነጻ ያወጣቸው አንዱ ነገር ወረቀት ነው፦ ከላይ ሲጻፍ ከታች ባለው ገጽ ላይ የሚቀረውን የብዕር ጭረት የሚያወጣ ምርመራ፣ የፖሊሶቹ ማስታወሻ በተባለው ጊዜና ቅደም ተከተል እንዳልተጻፈ አሳየ።

«ሦስት ምስክር ካለ እውነት ነው።»

ሦስቱ አንድ ዓይነት ቃል ከተናገሩ ይበልጥ መጠርጠር አለበት። በእውነት ያየ ሰው ርቀቱን፣ ብርሃኑን፣ ልብሱን ከሌላው ለየት አድርጎ ይነግራል። መስቀለኛ ጥያቄ (ለተቃራኒ ወገን ምስክር የሚቀርብ ጥያቄ) የሚጠቅመው «ትዋሻለህ» ለማለት አይደለም፤ የት ቆመህ ነበር፣ ጨረቃ ነበረች ወይ፣ ተከሳሹን ከዚያ በፊት ታውቀዋለህ ወይ፣ ፖሊስ ጣቢያ ያሳዩህ ብቻውን በካቴና ታስሮ ነው ወይ ለማለት ነው። ብቻውን ካቴና ገብቶ የታየን ሰው «እሱ ነው» ማለት መለየት አይባልም። በሐሰት መመስከር ራሱ ወንጀል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 453።

«ሽማግሌ ከገባ ክሱ ይቀራል።»

ሽምግልና ደም ያበርዳል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በአቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ (ተበዳዩ ካላመለከተ ክስ የማይቀርብበት) ካልሆነ በቀር ከባድ ወንጀል በዕርቅ አይዘጋም። ይልቁንም ነገሩ እንዲበርድ ብሎ ድንጋይ ተሸክሞ «በድያለሁ» ያለ ንጹሕ ሰው፣ ያ ቃሉ ኋላ በሽማግሌዎቹ ምስክርነት ተመልሶ ይመጣበታል። መታረቅ ከተፈለገ «ባልሠራሁት አላምንም፣ ለሰላም ስል ግን እቀርባለሁ» ማለትና ይህንኑ በዕርቅ ሰነዱ ላይ ማስፈር ይሻላል።

«ለመርማሪው ትንሽ ከተሰጠው መዝገቡ ይዘጋል።»

መርማሪ መዝገብ የመዝጋት ሥልጣን የለውም፤ ያ የዐቃቤ ሕግ ነው። የከፈለ ሰው የሚያገኘው ሌላ የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ በ2007 በወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881 መሠረትም ሰጪው ራሱ ይጠየቃል። በፍርድ ቤት የታዘዘ የዋስትና ገንዘብ የሚከፈለው ደግሞ በደረሰኝ ብቻ ነው።

«ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ 48 ሰዓቱ አይቆጠርም።»

ይቆጠራል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ የሚያስቀንሰው ለጉዞ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰብ የተያዘበትን ሰዓትና ቦታ ወዲያው ይጻፍ። ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ሰውየው እንዲቆይ የሚፈቀደው የምርመራ ጊዜ ቀጠሮም በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። በየቀጠሮው «ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ?» ተብሎ ይጠየቅና መልሱ ይመዝገብ፤ ምስክር እያፈላለጉ ሰው ማቆየት የሚታየው በዚህ ነው። ጠበቃም ክስ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ የታሰረ ሰው ከሕግ አማካሪው ጋር መገናኘት ይችላል።

«አመንኩ ብሎ ቅጣት ማስቀነስ፣ ኋላ ይግባኝ ማለት ይቻላል።»

አይቻልም። በፍርድ ቤት አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው፤ ጥፋተኛ መባሉን አያስነሣም። ክዶ የተፈረደበት ግን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ የሚል መሆኑን ለፈረደው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የፍርዱ ግልባጭ በእጁ ከገባ ጀምሮ ደግሞ በ30 ቀን የይግባኝ ማመልከቻውን ያስገባል። ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት የወረደ ሰው ቤተሰብ እነዚህን ሁለት ቀኖች በእጁ ጽፎ ይያዝ፤ ግልባጩ የወጣበት ቀንም ማኅተም ላይ ይታይ።