የኩዝኔትስ ኩርባ ምንድን ነው?

አሥር አባወራ ያላት አንዲት ትንሽ መንደር እናስብ። ሁሉም ገበሬ ነው። እያንዳንዱ ቤት በዓመት 10 ሺህ ብር ያገኛል። ድሆች ናቸው፤ ግን እኩል ናቸው። አንድ ቀን አንዱ ጓዙን ጠቅልሎ ከተማ ገባ። ፋብሪካ ተቀጠረና በዓመት 30 ሺህ ብር ማግኘት ጀመረ። ለፋሲካ ሲመጣ የእናቱን የሣር ቤት ጣሪያ በቆርቆሮ ለወጠላት። ከማንም አንድ ብር አልወሰደም፤ ጎረቤቶቹም እንደ ድሮው 10 ሺህ ያገኛሉ። በመንደሩ ግን ልዩነት ገባ።

የገቢ ልዩነት የሚለካበት ጂኒ የሚባል ቁጥር አለ። ሁሉም እኩል ሲያገኝ 0 ነው፤ አንድ ሰው ሁሉን ሲጠቀልል ወደ 1 ይጠጋል። በመንደራችን አንዱ ሲሄድ ጂኒው 0.15 ይሆናል። አራቱ ከተማ ሲገቡ 0.27 ይደርሳል፤ ጣራው እሱ ነው። ዘጠኙ ሲሄዱ ወደ 0.06 ይወርዳል። አሥረኛውም ሲከተል እንደገና እኩል ናቸው፤ አሁን ግን ሁሉም 30 ሺህ ያገኛል። በወረቀት ላይ ሲሳል ኮረብታ ይመስላል። የኩዝኔትስ ኩርባ ማለት ይኸው ኮረብታ ነው፦ አገር ከእርሻ ወደ ኢንዱስትሪ ሲሻገር ልዩነት መጀመሪያ ይሰፋል፣ በኋላ ይጠባል የሚል ሐሳብ።

ሳይመን ኩዝኔትስ በ1922 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ አገር ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ የገባ ስደተኛ፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያም ነበር። የአገሪቱን የግብር መዝገብ አገላብጦ አንድ ነገር አገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከሕዝቡ አሥር በመቶው ሀብታም ከአገሪቱ ገቢ 45 በመቶና ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ግን ድርሻው ወደ 35 በመቶ ገደማ ወረደ። በ1954 ዲትሮይት ላይ ባደረገው ንግግር ይህን ከመንደሩ ዓይነት ስሌት ጋር አያይዞ አቀረበው።

እኔ የማከብረው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ጽሑፉ 5 በመቶው መረጃ፣ 95 በመቶው ግምት እንደሆነ፣ ምኞትም ሳይቀላቀልበት እንዳልቀረ ራሱ ተናገረ። ሰሚው ይህን ረሳው። ኩርባው ለድሃ አገሮች የሚሰጥ ተስፋ ሆነ፦ እስኪያልፍ ያለፋል፣ ታገሡ፣ እድገቱ ራሱ ያስተካክለዋል።

አላስተካከለውም። አሜሪካ ውስጥ ልዩነቱን ያጠበበው ከገበሬው ፍልሰት ይልቅ የ1929ኙ ቀውስ፣ ጦርነቱ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ጉልበትና በትልቅ ገቢ ላይ ከ90 በመቶ በላይ የደረሰው ግብር ነበር። ያ የግብር ጣሪያ በ1988 ወደ 28 በመቶ ወረደ። ማኅበራቱም ተዳከሙ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ቶማ ፒኬቲና ኢማኑኤል ሳኤዝ የኩዝኔትስን ቁጥር ወደኛ ዘመን ሲያራዝሙት የሀብታሞቹ ድርሻ ተመልሶ ከ45 በመቶ በላይ ወጥቷል። ኮረብታው ሌላ ኮረብታ ወለደ።

ወዲያኛውን ቁልቁለት ሳይጠብቁ ያደጉም አሉ። ደቡብ ኮሪያ በ1950 የአንድ ቤተሰብን የእርሻ ይዞታ በሦስት ሄክታር ገደበች። ታይዋን በ1953 የባላባቱን መሬት ለጭሰኛው አከፋፈለች፤ የፕሮግራሙ ስም «መሬት ለአራሹ» ነበር። እኛም ቃሉን በደንብ እናውቀዋለን። ሁለቱም አገሮች ገበሬውን መጀመሪያ አስተካክለው፣ ልጁን አስተምረው ነው ወደ ፋብሪካ የሄዱት። በፍጥነት አደጉ፤ ልዩነታቸውም እንደ ላቲን አሜሪካ አልሰፋም።

ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው ሰው አሁንም ገጠር ነው። በመንደራችን ስሌት ገና ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቤት እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ዳገቱ ከፊታችን ነው። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የባላባቱን ሥርዓት አፍርሷል። ዛሬ ደግሞ መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም። ይህ ገበሬው በችግር ጊዜ መሬቱን ሸጦ ባዶውን እንዳይቀር ይጠብቀዋል፤ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከተማ ልግባ ያለው ገበሬ ማሳውን ሸጦ መነሻ መያዝ አይችልም። የሚወጣው በትከሻው ላይ ባለው ጋቢ ነው። ከተማ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀበለው የቤት ኪራይ ነው።