የእግር ዕቃ ከተቀየረ በኋላ አላይመንት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መኪና የእግር ዕቃ (ሳስፔንሽን) ሲቀየርለት ስለ አላይመንት፣ ማለትም ጎማዎቹ የቆሙበትን ማዕዘን ለክቶ ስለማስተካከል፣ ሁለት ተቃራኒ ምክሮች ይሰማሉ። አንዱ «መሪው ካልጎተተ አላይመንት ብር ማባከን ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አንዲት ቡሎን ከተፈታች አላይመንት ግድ ነው» ባይ ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መጠየቅ ያለበት የተቀየረው ዕቃ የጎማውን አቋም የሚወስን ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

አቋም ስንል ሦስት ማዕዘኖችን ነው። ቶ የሚባለው ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው። ካምበር ጎማው ከፊት ሲታይ አናቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ካስተር ደግሞ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ መጋደሉ ነው። ጎማ ቶሎ የሚጨርሰው በዋናነት ቶ ነው።

«ማንኛውም የእግር ዕቃ ሲቀየር አላይመንት ግድ ነው»

አይደለም። የስታቢላይዘር ሊንክና ጎሚኒ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል ይይዛሉ እንጂ የጎማውን አቅጣጫ አይነኩም። ሞላው ለብቻው፣ ሾክ አብዞርበሩ ለብቻው በሚቆምበት የኋላ እግር ላይም ሾኩ ሥራው ንዝረትን መግደል ብቻ ስለሆነ ቢቀየር ማዕዘኑ አይለወጥም። የፍሬን ሸራና ዲስክም እንደዚሁ።

በአንጻሩ ታይ ሮድ (የመሪ ሳጥኑን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ)፣ ቴስቲና (የታይ ሮዱ ጫፍ መጋጠሚያ)፣ የመሪ ሳጥን፣ የታችኛው ወይም የላይኛው አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ)፣ የአርም ቡሽ (ክንዱ የሚታሰርበት ባለ ጎሚኒ መጋጠሚያ)፣ ቦል ጆይንት (በክንዱ ጫፍ ያለው ባለ ኳስ መጋጠሚያ)፣ ከፍታው የተለየ ሞላ ከተቀየረ፣ እንዲሁም ሞተሩንና አርሞቹን የሚሸከመው ሳብፍሬም ከወረደ አላይመንት ሳይሠራ መኪናው ሥራው አልቋል አይባልም። የጎማ ኩሽኔታ ከሁለቱ ወገኖች መካከል ነው። ኩሽኔታው ራሱ ማዕዘን አይለውጥም፤ ተጭኖ የሚገባ ዓይነት ሆኖ ናክሉ (ኩሽኔታውን የሚይዘው ብረት) ከሾኩ ጋር የታሰረባቸው ቡሎኖች ከተፈቱ ግን ይለውጣል።

«ሾክ አብዞርበር ብቻ ነው የተቀየረው፣ አላይመንት አያስፈልገውም»

ብዙ ጎማ የሚበላው ይህ አባባል ነው። የአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች የፊት ሾክ ተራ ሾክ አይደለም። ሞላውን ተሸክሞ፣ ከታች ናክሉን በሁለት ቡሎን ይዞ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ምሰሶ፣ ማለትም ስትራት ነው።

ሁለቱ ቡሎኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ከቡሎኖቹ በጥቂቱ ይሰፋሉ፤ አንዳንድ መኪና ላይ ሆን ተብሎ የረዘሙ ናቸው። በቡሎኖቹ መካከል ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ርቀት አለ እንበል። ናክሉ በላይኛው ቡሎን ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ቢል ካምበሩ ግማሽ ዲግሪ አካባቢ ይዞራል። የአንድ ጎማ የተፈቀደ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ብዙም ስለማይሰፋ በዓይን በማይታይ ክፍተት ከልክ መውጣት ይቻላል። ካምበሩ ሲዞር ታይ ሮዱ ናክሉን ከአንድ ወገን ስለያዘው ቶም አብሮ ይዛባል።

ከመፍታት በፊት የናክሉንና የሾኩን መጋጠሚያ በቀለም ወይም በሹል ብረት ማስመር ጥሩ ልማድ ነው። ያም ሆኖ ምልክቱ የሚጠቅመው አሮጌው ሾክ ተመልሶ ሲገባ ነው። አዲሱ ሾክ የራሱ ብየዳና የራሱ ቀዳዳ ስላለው ወደ ድሮው ቦታ ያቀርባል እንጂ አያደርስም። ሾኩ ናክሉ ውስጥ ገብቶ በአንድ ቡሎን የሚጨበጥበት አሠራር ላይ የመዛባቱ ዕድል ያነሰ ነው፤ ሾኩ እስከ መቆሚያው ድረስ መግባቱን አረጋግጦ መለካት ይበቃል።

«የቴስቲናውን ጥርስ ቆጥረን ነው የመለስነው»

ቆጠራው፣ ማለትም አሮጌው ሲፈታ የዞረውን ያህል ቆጥሮ አዲሱን በዚያው ልክ ማስገባቱ፣ መኪናውን አላይመንት ቤት ድረስ ለማድረስ ይረዳል። አላይመንትን ግን አይተካም፤ አዲሱ ቴስቲና ከአሮጌው ጋር በርዝመት እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥልን የለም። ሒሳቡን እንመልከት። የታይ ሮድ ጥርስ በብዙ መኪና ላይ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ናክሉ ላይ ያለው የመሪ ክንድ 130 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የግማሽ ዙር ስሕተት 0.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ጎማውን 0.33 ዲግሪ ያዞራል። የብዙ መኪናዎች ጠቅላላ የቶ ልዩነት ግን ከ0.1 እስከ 0.2 ዲግሪ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

መኪናው ሲነዳ ይህን ስሕተት ሁለቱ ጎማዎች ለሁለት ይካፈሉታል። እያንዳንዱ 0.17 ዲግሪ ገደማ ተጣሞ ይሄዳል፤ በየኪሎ ሜትሩ 3 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል ማለት ነው። የጎማው ጠርዝ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ቶ-ኢን (አፍንጫቸው ወደ ውስጥ መዞሩ) ሲበዛ የውጭ ጠርዙ ያልቃል፣ ቶ-አውት (ወደ ውጭ መዞሩ) ሲበዛ ደግሞ የውስጡ። የውስጡ በደንብ ስለማይታይ ሽቦው ሲወጣ ነው የሚታወቀው። ቀድሞ ለማወቅ መዳፍን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ማስኬድ ነው። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘ ቶው ከልክ ወጥቷል።

«መሪውን ለቀን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ስለዚህ ደህና ነው»

ከላይ እንዳየነው የቶ ስሕተት ለሁለቱ የፊት ጎማዎች ስለሚከፋፈል መኪናው ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል። የሚጣመመው መሪው ነው። ወደ አንድ ጎን መጎተት የሚመጣው በአብዛኛው የግራና የቀኝ ካምበር ወይም ካስተር ሲለያይ፣ የጎማ አየር ሲለያይ፣ ወይም ጎማው ራሱ ችግር ሲኖርበት ነው። ጎማውን ለመለየት የፊቶቹን ግራና ቀኝ ማቀያየር ነው፤ መጎተቱም አቅጣጫ ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ባለ አቅጣጫ ቀስት ጎማ ግን እንዲህ አይቀያየርም።

መሪው ተጣሞ ሲቀር መሪውን ነቅሎ ቀጥ አድርጎ መመለስ ትክክለኛ ጥገና አይደለም። መሪው ቀጥ ያለ ይመስላል፣ የመሪ ሳጥኑ ግን ከመሃሉ እንደወጣ ይቀራል። የመሪ አንግል ሴንሰር ባለው መኪና ላይ ደግሞ ሴንሰሩ የተሳሳተ ዜሮ ይይዝና የመንሸራተት መቆጣጠሪያው መብራት ሊበራ ይችላል። መስተካከል ያለበት በሁለቱ ታይ ሮዶች ነው።

«አላይመንት ከተሠራ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል»

የተበላ ቦል ጆይንት ወይም የላላ ቴስቲና ያለበትን መኪና ማሽኑ ላይ ማውጣት ከንቱ ድካም ነው፤ ቁጥሩ ማሽኑ ላይ አረንጓዴ ሆኖ መንገድ ላይ ይለወጣል። አስቀድሞ በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ይዞ መነቅነቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ኩሽኔታንና ቦል ጆይንትን፣ ሁለተኛው ቴስቲናንና ታይ ሮድን ያጋልጣል።

በባለሙያዎችም ዘንድ የሚዘነጋ ሌላ ነገር አለ። አብዛኛው የአርም ቡሽ ጎሚኒው ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ አርሙ ሲወጣና ሲወርድ የሚዞረው ጎሚኒው ተጠማዞ ነው። መኪናው ተነሥቶ፣ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ የአርሙ ቡሎን ከጠበቀ ጎሚኒው በዚያ አቋም ይቆለፋል። መኪናው መሬት ሲይዝ ቡሹ ገና ከመጀመሪያው ቀን ተጠማዞ ስለሚውል ቶሎ ይቀደዳል፤ መኪናውንም በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ በዚያ ከፍታ የተሠራ አላይመንት ጎሚኒው ሲላላ ይዛባል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የአርሙን ቡሎኖች በእጅ ያህል ማስያዝ፣ ጎማውን ማሳረፍ ወይም አርሙን ከሥር በክሪክ እስከ መደበኛ ከፍታው ማንሳት፣ አምራቹ ባዘዘው የጥብቀት መጠን ማጥበቅ፣ ከዚያ አላይመንት ነው። የቦል ጆይንት ዳዶ ይህ ገደብ የለበትም።

«አዲሱ ዕቃ እስኪረጋ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳ»

አዲስ ሞላና ጎሚኒ በጥቂቱ መርጋታቸው እውነት ነው። ይህ ግን አላይመንትን ደግሞ ለማየት ምክንያት ይሆናል እንጂ ለማዘግየት አይሆንም። መኪናውን ፊትና ኋላ ጥቂት ጊዜ ተጭኖ መልቀቅ፣ አጭር መንገድ መንዳት፣ ከዚያ ማሠራት ይበቃል። ሞላ የተቀየረ እንደሆነ ከፍታው ሲረጋ ዳግም ማስለካት ጥሩ ነው።

«አላይመንት የፊት ጎማ ጉዳይ ነው»

የኋላ ጎማዎች የሚያመለክቱበት አቅጣጫ መኪናው የሚሄድበትን መስመር ይወስናል፤ የፊቶቹም የሚስተካከሉት ያንን መስመር ተከትለው ነው። ስለዚህ ኋላው ባይስተካከል እንኳ መለካት አለበት። ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) ሲቀየር የመሃል ቡሎኑ ራስ በአክሱ ላይ ካለው ቀዳዳ ካልገባ አክሱ ተጣሞ ይታሰራል፤ መኪናውም ጎኑን አዙሮ ይሄዳል። ይህን የፊት ታይ ሮድ በማዞር ማስተካከል አይቻልም።

«መሪው ይንቀጠቀጣል፣ አላይመንት ይፈልጋል»

ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ የባላንስ (የጎማው ክብደት ሚዛን) ጉዳይ ነው። የቶን መጠን በሜትር ወይም በክር መለካት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አላይመንትን አይተካም፤ አለካኩ እንዲህ ነው። በአንዱ ጎማ መሃል ቁመት ከፊት በኩል በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ በሌላውም እንዲሁ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት መለካት፤ መኪናውን ወደፊት ገፍቶ ምልክቶቹ ከኋላ በዚያው ቁመት ሲደርሱ ዳግም መለካት ነው። ልዩነቱን ወደ 0 አቅርቦ በዝግታ አላይመንት ቤት መድረስ ይቻላል፤ ካምበርንና ካስተርን ግን በዚህ ማወቅ አይቻልም።

አላይመንት ቤት ሲደርሱ የአራቱም ጎማ አየር እኩል መሞላቱን ያረጋግጡ፤ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያሉት ቁጥሮች ጎን ለጎን የታተሙበትን ወረቀትም ይጠይቁ። የመስመር ጠባቂ ካሜራ ወይም ራዳር ያለው መኪና ከሆነ የኋላው አቅጣጫ ሲለወጥ የካሜራው ካሊብሬሽንም (የልኬት ማስተካከያውም) መታየት እንዳለበት አስቀድመው ይንገሩ።